መብራቱስ መቼ ነው የሚገባው?

ሞቷል ብዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሞቷል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር ብል ይሻላል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት፣ የልጅ ልጄ ቤዛ በምትማርበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ለወላጆች ስብሰባ ከተተከለው ድንኳን ሥር፣ ከፊተኛው ረድፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጓድ ባንጃው ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ አላወቅሁትም። አንድ ከሲታ ሽማግሌ ነው፤ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቧል፤ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሀል አስገብቶ አገጩን አስደግፎበታል። ከኋላው ያሉ ሁለት ሴቶች ሞቅ አድርገው ሲያወሩ ዞር አለና ሌባ ጣቱን ቀስሮ "ሥነ ሥርዓት!" አላቸው። ያቺን ጣት ሳይ ክው አልኩ። ያገኘሁት ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ደንግጣ "ምን ሆኑ እማማ? ውኃ ላምጣልዎት?" አለችኝ። ውኃ ምን ያደርግልኛል!

ማን መሰላችሁ? ሰው ሁሉ ጓድ በሚባባልበት ዘመን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበር። አባቴን ከሰው ፊት አቁሞ አፉን ያዘጋው እሱ ነው። አባቴ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ታዲያ ይህን ሰውዬ አንድ ቀን አገኘዋለሁ፣ የአባቴን ስም ጠርቼ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ "ምን አደረገህ?" እለዋለሁ ስል ነው ያረጀሁት። ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ተጣልቼዋለሁ መሰላችሁ! አንዳንዴማ በነጠላዬ ማነቅ ሁሉ ያምረኛል። አንዴ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሯል ተባለ፣ አንዴ ታስሯል ተባለ፣ በመጨረሻ ሞቷል ተባለና እኔም ነገሩን ተውኩት። ተውኩት ያልኩት ለሰው ነው።

እኔስ እዚያ ስብሰባ ላይ ምን ልሠራ ገባሁ? ልጄ ራሔል ናት የላከችኝ። ቅዳሜም ሥራ አላት፤ እሑድ ደግሞ ጴንጤ ከሆነች ወዲህ ቸርች ውላ ነው የምትመለሰው። "እማዬ፣ ሂጂና ቁጭ ብለሽ ነይልኝ፤ ስለ በጀት ምናምን ነው፤ ምንም መናገር የለብሽም" አለችኝ። ምንም መናገር የለብሽም! እንዲህ ያለ ነገር ለእኔ ይባላል? ነጠላዬን አጣፍቼ ከኮንዶሚኒየማችን ወረድኩና መንገድ ልሻገር ስል፣ አንድ መኪና ድምፁን አጥፍቶ ተረከዜ ሥር ደርሶ ቆመ። በስመ አብ! ድሮ መኪና ከሩቅ አገር ሲመጣ እያጓራ ነው፣ ሰው ሰምቶ ልጁን ሰብስቦ ይጠብቀዋል። ይሄ እንደ ድመት ነው የሚመጣው። ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ "ይቅርታ እማማ፣ ኤሌክትሪክ ናት" አለኝ። ኤሌክትሪክ ከሆነች ብትገጨኝ አልሞትም ማለቱ ነው?

ከዓለም ባንክ ታክሲ ስይዝ ደግሞ ነዳጅ ማደያው ጋ ሰልፉ ግማሹን መንገድ ይዞታል። ውስጥ ያለው ወሬም ያው ነው። ነዳጅ ጨመረ፣ የመብራት ታሪፍ ጨመረ፣ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ። አንዱ "ግድቡ አለቀ፣ ለጎረቤት አገር መብራት እየሸጥን ነው፤ የእኛ ሰፈር አምፖል ግን ሲመሽ እንደ ጧፍ ነው" ይላል። ሌላው "ታገስ እንጂ ወንድሜ፣ ሁሉ ነገር በአንዴ ይሆናል?" ይለዋል። "አንተ ታገስ፣ የአንተ ልጅ የግል ነው የሚማረው!" ተባባሉና ሊያያዙ ሲሉ ረዳቱ "ፖለቲካውን እዛው ጨርሱ፣ ሒሳብ!" ብሎ ገላገለን። እኔም ብሆን ከጡረታዬ ቆርጬ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ፤ ግድቡ ሲመረቅ በረንዳዬ ላይ ወጥቼ እልል ብያለሁ። ግን ደግሞ ሽሮዬ ገና ሳይፈላ የቆጣሪው ካርድ አልቆ ቤቱ ድርግም ሲል የምናገረውን ነገር ለንስሐ አባቴም አልደግመውም።

ያ ትምህርት ቤት በድሮው ሰፈራችን ያለ፣ እኔም የተማርኩበት ነው። ያኔ ዓለም ባንክ የሚባል ስም አልነበረም፤ ጤፍና ሽንብራ የሚዘራበት ማሳ ነው። ዛሬ ካፌውና ክሊኒኩ የተደረደረበት ቤቴል፣ የጠፋ ጥጃ የሚፈለግበት ሜዳ ነበር። በአስኮ በኩል ደግሞ ባሕር ዛፍ ብቻ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ስለሚውጥ ኮንጎ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ነበር የምናልፈው፤ ጫማ ከእግር ይልቅ እጅ ላይ ብዙ ይቆይ ነበር። ዳቦ በአሥር ሳንቲም ነው፣ ያውም እጅ የሚሞላ። በስሙኒ ዳቦ ገዝቼ፣ ከረሜላ ጨምሬበት፣ መልስ ይዤ እገባ ነበር። ዛሬ ቤዛ ለዳቦ ስትላክ ጨብጣ የምትወጣውን ብር ሳይ ያኔ በዚህ በግ ይገዛ ነበር እላታለሁ፤ "እማማ ደግሞ ማጋነን ትወጃለሽ" ትለኛለች። ጎረምሶቹ አፍሯቸውን አበጥረው፣ መሬት የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው አጠና ተራ ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፤ ክረምት ላይ ያንን ሱሪ እንደ ቀሚስ በሁለት እጃቸው ሰብስበው ጭቃውን ሲሻገሩ ብታዩ በሳቅ ትሞታላችሁ። ጠዋት ጠዋት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሰልፍ ሰልፍ የሚል መዝሙር ይለቅብናል። አንዳንዴ ታዲያ ካሴት የሚያስገባው ልጅ ይዘነጋል መሰለኝ፣ በመዝሙሩ መሀል አንድ የፍቅር ዘፈን ያመልጠዋል። ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን ትቶ ቀጥ ይላል። እናቴ እጇ ሊጥ እንደነካ በር ላይ ቆማ ስትሰማ አስታውሳለሁ። ወዲያው ጭጭ ይላል፤ መዝሙሩ ይቀጥላል።

ትምህርት ቤቱ አጥር አልነበረውም። በጀት የሚባል ነገርም አልነበረው፤ ቢኖርም ለእኛ አልደረሰም። ስለዚህ ምን ተባለ? ተማሪ ሁሉ ጠዋት ሲመጣ ድንጋይ ይዞ ይምጣ። ደብተር የረሳ ይገባል፣ ድንጋይ የረሳ አይገባም! ዘበኛው በር ላይ ቆሞ መጠኑን በዓይኑ እየለካ "ይሄ ጠጠር ነው፣ ተመለሽ" ይለናል። መጀመሪያ ከወንዙ እናመጣ ነበር፤ የወንዙ ሲያልቅ ሰው ደጅ ገባን። ጎረቤታችን እግሯን የምትታጠብበት ድንጋይ ጠፋ። የሌላዋ ምድጃ ጉልቻ ጠፋ። ሴቶቹ ጉልቻቸውን ማታ ማታ ቤት እያስገቡ ማሳደር ጀመሩ፤ እውነቴን ነው፣ ሰው ድንጋይ ቆልፎ ያደረበት ዘመን ነው። እኔ አንድ ጠዋት ድንጋይ አጥቼ ሳለቅስ አባቴ የበረንዳውን መርገጫ በአንካሴ ፈንቅሎ ሰጠኝ። "ደንበኛስ በምን ይወጣል?" ትለዋለች እናቴ። "ለትምህርት ቤት ነው፤ ደንበኛ ዘሎ ይግባ" አላት። እንዲህ ነበር አባቴ።

አባቴ ወርቅነህ ከጎጃም የመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ካኪ ዩኒፎርም የሰፋው እሱ ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም። የደንበኛውን ልክ በክር ይወስድና ቋጠሮ ያበጅበታል፤ አንዱ ቋጠሮ ትከሻ ነው፣ አንዱ ወገብ። በረንዳው ግድግዳ ላይ ያ ሁሉ ክር ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ የማን እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ተረበኛ ነበር፣ ወሬ ይወዳል፤ በረንዳው ከሰው ተለይቶ አያውቅም። ልብስ የሚቀደው መጀመሪያ በጋዜጣ ላይ ቆርጦ ነው፤ እያንዳንዱን ጋዜጣ ሲቆርጥ "ይሄኔ ስንት ወሬ በመቀስ በጣጥሼ ጣልኩ!" እያለ ይቆጭ ነበር። እኔ አንዳንዱን ሳነብለት መቀሱን ያስቀምጥና "ቆይ፣ እሷን ድገሚያት" ይለኛል። ታዲያ ቀበሌው አጥሩ ካለቀ ለትምህርት ቤቱ መብራት ይገባል፣ አዋቂዎችም ማታ ማታ እዚያ ይማራሉ ብሎ ሲያስነግር ቀድሞ የተመዘገበው አባቴ ነው። ጥቁር እርሳስ ገዝቶ፣ ቀርጾ፣ እንደ መርፌ ከኮሌታው ላይ ሰክቶ ይዞር ጀመር። እናቴ "ሙሽራ መስለሃል" እያለች ትስቅበት ነበር።

አጥሩ አለቀ። ኖራ ተቀባ። መፈክር ተጻፈበት። መብራት ግን የለም። አንድ እሑድ ጠዋት በዚያው ግቢ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ከስብሰባ መቅረት ማለት ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና መቅረት ማለት ስለነበር ሰው ግልብጥ ብሎ ነው የወጣው። እኛን ልጆቹን ከተረፈው የድንጋይ ክምር ላይ አስቀመጡን። ጓድ ባንጃው ካኪውን ለብሶ፣ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ሻጥ አድርጎ፣ ስለ ድሉ ብዙ ከተናገረ በኋላ "ጥያቄ ያለው?" አለ። እንዲህ ሲባል ጥያቄ የለም ማለት እንደሆነ ሕፃኑም ያውቃል። አባቴ ግን ተነሣ።

"ድንጋዩንም ሰጠን፣ መዋጮውንም ሰጠን፤ ቅር አላለንም። መብራቱስ መቼ ነው የሚገባው?" አለ።

ጓድ ባንጃው ጣቱን ቀሰረ። "ጓድ ወርቅነህ፣ ይህን ጥያቄ ያቀበለህ ማነው?"

"ማንም አላቀበለኝ ጌታዬ፣ እኔው ነኝ።"

አይ አባቴ! በዚያ ዘመን ጌታዬ ይባላል? ከልማድ አፉ ላይ መጥቶበት ነው። "ጌታ የለም! ጌታ የሚናፍቅህ ከሆነ ንገረን!" ብሎ ጮኸበትና ጓድ ባንጃው ማጨብጨብ ጀመረ። ታውቁታላችሁ አይደል፣ ስብሰባ ላይ ሰውን ለማስቀመጥ የሚጨበጨበው ጭብጨባ? ደስታ የሌለበት፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየፈጠነ የሚሄደው። ሰው ሁሉ ተቀበለው። በረንዳችን ላይ ሲስቁ የሚውሉት ሁሉ አጨበጨቡ። እናቴም አጨበጨበች፤ እጇን የሚቆጥሩ ዓይኖች ነበሩ። አባቴ ዙሪያውን አየ። "አይ እኔ እንኳን…" ብሎ አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ድምፁ በጭብጨባው ተዋጠ። ተቀመጠ። በሳምንቱ ደግሞ ግለ ሂስ ያድርግ ተብሎ ከፊት አቆሙትና "አጠፋሁ" አለ። ያውም "አልተሰማም፣ ጮክ በል" ተብሎ ሁለተኛ አስደገሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርሳሷን ኮሌታው ላይ አላየሁም።

በኋላ መብራቱ ገባ፤ የማታው ትምህርትም ተጀመረ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሄዱ። እናቴ ለመነችው። "መብራቱ ገባ አይደል? ይበቃል" ብሏት የስፌት መኪናውን መርገጡን ቀጠለ። በረንዳው ላይ የሚመጣው ሰው ልኩን አስለክቶ ይሄዳል፣ ተረብ የለም፣ ወሬ የለም። እድር ላይ ዝም፣ ለቅሶ ላይ ዝም። እኔ ስዳር ሽማግሌዎቹ "የልጅቷ አባት ይመርቅ" ሲሉት ላብ በላብ ሆነና አጎቴን በዓይኑ ጠቆመው፤ የመረቀኝ አጎቴ ነው። እስኪሞት ድረስ ሲፈርም በጣቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው ቅዳሜ ዕለት እዚያ ድንኳን ሥር የተቀመጥኩት። የፊቱ ሰውዬ አንገት እንደ ዶሮ አንገት ቀጥኗል። ዳይሬክተሯ መምህርት ፌቨን ልጅ እግር ናት፣ ስታወራ ታሳዝናለች። በጀቱ ለጠመኔና ለፈተና ወረቀት ማባዣ እንኳ አይበቃም አለች። ምገባው ባይኖር ስንቱ ልጅ ክፍል ውስጥ ይወድቅ ነበር አለች። ኮምፒውተሮቹ ደግሞ ሁሉም ሲከፈቱ መብራቱ ስለማይችል በጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠዋል አለች። ይህንንማ ቤዛ ነግራኛለች፤ እኔ ነበርኩ ያላመንኳት። ልጆቹ ኮምፒውተር የሚማሩት ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎላቸው ነው! በዚህ ዘመን! ግድብ በሞላበት አገር! አሁን ከመምህሯ አፍ ስሰማው አፌን ይዤ ቀረሁ።

ቀጥላ "ስለዚህ አንድ አማራጭ ቀርቦልናል" አለች። አንድ ድርጅት በመንገዱ በኩል ያለውን አጥር አፍርሶ፣ የግቢውን ፊት ተከራይቶ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሊያቆምበት ነው። ለትምህርት ቤቱ ኪራይ ይከፍላል። እንዴ! እንዴት ነው ነገሩ? ያንን አጥር? ጉልቻ ተሰርቆ የተሠራውን? እኔ ዓይኔ ፈጦ ዙሪያዬን ሳይ ማንም አልደነገጠም። አንዱ ራይድ የሚሠራ ወጣት አባት "እሰይ! ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገልኩ፤ ልጄን አድርሼ እዚሁ እሞላለሁ" ብሎ አሳቀ። ሌላዋ "ያ አጥር ደግሞ ምን ሊረባ፣ እባብ ነው ያለበት" አለች። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ስልኩን እያየ "እንግዲህ ጊዜ የለንም፣ ድምፅ እንስጥ፤ የምትደግፉ?" ሲል እጁ ሁሉ ሽቅብ ወጣ። ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ ስንት ዓመት እንደሆነ ሳይጠይቅ። እኔ የደነገጥኩት ይሄን ጊዜ ነው። መሪው ተቀያየረ፣ ባንዲራው ተቀያየረ፣ ብሩ እንኳ ተቀያየረ፤ እጅ አወጣጣችን ግን ያው ነው ለካ!

ይህን ጊዜ ያ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ፣ እየተንቀጠቀጠ ተነሣ።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አለ። ድምፁ ሳስቷል እንጂ እሱ ራሱ ነው። "ለመኪናው ብዙ ኃይል ሊገባ ነው፤ ደግ። እኔ የልጅ ልጄን ወክዬ ነው የመጣሁት። ለልጆቹ ክፍልስ? ለእነሱስ መብራቱ መቼ ነው የሚገባው?"

ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ሁሉ ቃል መሀል፣ ከዚህ ሰውዬ አፍ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ! ሰብሳቢው "አባት፣ ድምፅ ተሰጥቷል እኮ፤ ይቀመጡ" አለው።

"አይ፣ እኔ የምለው…"

ከኋላ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ሌላው ተቀበለው። ያው ጭብጨባ ነው፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ የሚፈጥነው። ልዋሽ? ደስ አለኝ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ግልግል አለኝ፤ እሰይ፣ ቅመሳት፣ አልኩ። ሰውየው ዙሪያውን አየ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። ያን ዓይነት አስተያየት አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ ድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጬ። ሁለተኛ ማየት አልቻልኩም።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። "ይጨርሱ!" ብዬ ስጮህ የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ነው። "አቁሙ! ሽማግሌ በጭብጨባ ይቀመጣል? የጠየቁት ስለ እናንተው ልጆች አይደለም ወይ? ይጨርሱ አልኩ!" ራሔል ምንም መናገር የለብሽም ያለችኝ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። ጭብጨባው ተቆራርጦ ቆመ። ሰብሳቢው አፍሮ ስልኩን ኪሱ ከተተ። "እሺ አባት፣ ይቀጥሉ" አለ።

ቀጠለ። ውሉ ላይ ለትምህርት ቤቱ መስመር መግባት አለበት፣ ያ ሳይጻፍ አጥሩ አይፈርስም አለ። መምህርት ፌቨን ወረቀቱን ገለጥ ገለጥ አደረገችና ፊቷ ቀላ። እንዲህ የሚል ነገር ውሉ ውስጥ የለም። ለካ ኃይሉ የሚመጣው ለመኪናው ብቻ ነው፤ ልጆቹ አጠገቡ ቁጭ ብለው ኮምፒውተር በጠመኔ ሊማሩ! ድንኳኑ ተንጫጫ። ያ ራይድ የሚሠራው ወጣት ራሱ "ይሄማ አይሆንም!" ብሎ ተነሣ። ድምፁ ተሰረዘ፤ መስመሩ ውሉ ውስጥ ይግባና እንደገና እንሰበሰብ ተባለ። ስለ አጥሩ እንኳ አልተከራከርኩም። ልጆቹ መብራት ካገኙ አጥሩ ይፍረስ፤ ድሮስ የተሠራው ለምን ነበርና።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። ባርኔጣውን አንሥቶ "እግዜር ይስጥሽ ልጄ" አለኝ። "ዛሬ ባትኖሪ ተዋርጄ ነበር። የማን ልጅ ነሽ?"

ይኸው! ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅሁት ጥያቄ በራሱ እግር መጣ። አንተ ልለው ነበር የተዘጋጀሁት፤ ከአፌ የወጣው ግን እርስዎ ነው፤ አስተዳደግ ክፉ ነገር ነው። "የወርቅነህ ልጅ ነኝ" አልኩት። ፊቱ ላይ አፍጥጬ ጠበቅሁ።

"ወርቅነህ…" አለ። "ወርቅነህ የቱ?"

"ልብስ ሰፊው። የሰፈሩን ዩኒፎርም የሚሰፋው። እርስዎ ሊቀመንበር እያሉ።"

ግንባሩን አኮማትሮ ፈለገ። እውነቱን ነው የፈለገው፣ ሲደክም ይታየኝ ነበር። "አላስታወስኩትም ልጄ" አለኝ።

እኛ ቤት በዚህ ሰውዬ ስም ልጅ ይፈራ ነበር! "እዚሁ ግቢ ውስጥ ስለ መብራት የጠየቀው! በጭብጨባ ያስቀመጡት!"

"ስንቱን አስቀምጫለሁ፤ ፊታቸው ሁሉ አንድ ሆኖብኛል" አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። የታክሲው ረዳት "አየር ጤና! ዓለም ባንክ! ሁለት ሰው!" እያለ ይጮሃል፤ ሰው እየገፋን ያልፋል። "ምን አልኩት?" አለኝ ቀና ብሎ።

"አጠፋሁ በል አሉት። እሱም አለ።"

ከዘራውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። "አጥፍቶ ነበር?"

"አላጠፋም።" ይህንን ቃል ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ሽማግሌው ዓይኖቹን አጥብቦ አየኝ። ሊያሾፍ አይደለም፣ ሊከራከርም አይደለም፤ ያልገባው ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቀኝ። "ታዲያ ካላጠፋ፣ ለምን አጠፋሁ አለ?"

"ልጆች ነበሩታ!" አልኩት። "እኛ ነበርን እኮ፣ ጋሽ ባንጃው። እዚያ ተቀምጠን እያየነው።"